ክዳኑ ላይ የጻፍኩት ቃል

እምዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ቀረው። እስካሁን አንዲት መስመር ያልጻፍኩልሽ የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም፤ የምጽፈው ነገር ስላለኝ ነው። እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ስለ ላሚቱና ስለ ዝናቡ አውርቼ፣ ዋናውን ነገር ውጬ እንደምዘጋው ስለማውቅ ተውኩት። ዛሬ ግን አልውጠውም።

ቢሆንም የቤቱን ወሬ አስቀድማለሁ፤ አንቺ ብትሆኚ መጀመሪያ የምትጠይቂው እሱን ነው። አባዬ ደህና ነው። ጉልበቱ ብሶበታል፤ ምርኩዝ ግን አልይዝም ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዘ ይሄዳል። ቦራዋ ላም ወልዳለች። ጥጃው እንደ እናቱ እልኸኛ ነው፤ ገና ካሁኑ የጎረቤት አጥር መጣስ ጀምሯል። እህቴ ከድጃ ሴት ልጅ ተገላግላ ስምሽን አወጣንላት። አባዬ አፉ አልደፍር ብሎት እስካሁን «ሚጡ» ነው የሚላት። ዘንድሮ በቆሎው አምሯል። የተከልሽው ማንጎ አፍርቶ የሰፈሩ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት ይውላሉ። ለእረፍት ስመጣ እንደ አንቺ ወጥቼ ልቆጣቸው እሞክራለሁ፤ እነሱ ግን ዞር ብለው እንኳ አያዩኝም።

እኔ ያው ነኝ። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ያቺው አንድ ክፍል ቤት። ለሕክምና ስትመላለሺ የተኛሽበት አልጋ አሁንም ከመስኮቱ ሥር ነው። ጠዋት በባጃጅ ወደ ቤተ ሙከራ እሄዳለሁ፣ ሥራ ስጨርስ በእግሬ እመለሳለሁ።

ስለ ሥራዬ ያስረዳሁሽን ቀን ታስታውሺው ይሆን? ጡትሽ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር ነው ከተባለ ሁለተኛው ሳምንት ነበር። «ቺፕ ነው የምንሠራው» ስልሽ «ከድንች?» አልሽኝ። መናኸሪያው በር ላይ በላስቲክ የሚሸጠው ችፕስ መስሎሽ ነው። ልጅሽ ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምራ ድንች ጠባሽ ስለሆነች እንዴት እንዳዘንሽልኝ ፊትሽ ላይ ይታይ ነበር። ከሰማን ወዲህ ሁለታችንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅነው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ነገርኩሽ። ቺፑ ከጣት የማይበልጥ፣ እንደ ውሃ የጠራ ለስላሳ ነገር ነው፤ ከመስታወት ጋር ተጣብቋል። ውስጡ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ቦይ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ተጠቅልሎ አለ። ደሙን አቅጥነን በአንድ በኩል በፓምፕ እንገፋዋለን። የካንሰሩ ሕዋስ ከደም ሕዋሳት ገዘፍ ስለሚል፣ በጠመዝማዛው ቦይ ሲዞር ሲዞር የራሱን መስመር ይይዝና በራሱ በር ይወጣል። እነዚያን ጥቂት ሕዋሳት ከዚያ ሁሉ ደም ነጥሎ ማግኘት ከተቻለ፣ በሽታው እንዴት እንደሚዛመትና የትኛው መድኃኒት እንደሚረታው ማጥናት ይቻላል። ውጭ አገር ይህን የሚሠራ ትልቅ ማሽን አለ። እኛ የምንሞክረው እዚሁ በእጃችን ቀርጸን፣ በትንሽ ነገር፣ ለእኛ አገር ሐኪም ቤት እንዲሆን አድርገን ነው።

አንቺ ዝም ብለሽ ሰማሽኝና «ታዲያ ማንገዋለል በይዋ! ይህን ለመናገር ይህን ያህል ምን አስኬደሽ?» አልሽኝ። ተነስተሽም፣ ሰፌድ ስላልነበረኝ የአከራዬን ትሪ ተውሰሽ፣ ያልተለቀመ ምስር አፈሰስሽበትና ታንገዋልዪው ጀመር። ዙሪያውን ሲዞር ሲዞር ገለባው ተለይቶ መሀል ላይ ተሰበሰበ። «እጅ ከተርበተበተ ግን ተመልሶ ይደባለቃል» ብለሽም አስጠነቀቅሽኝ።

በማግስቱ ይህንን ለቡድናችን መሪ፣ ለዶክተሯ ነገርኳት። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ፓምፑ እየተርበተበተ ወር ሙሉ ያስቸገረን ጊዜ ነበር። ዶክተሯ ስቃ ስትጨርስ ፓምፑን ከባትሪ ጋር አገናኙት አለች። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤተ ሙከራ «ናሙናውን ለዩ» የሚል የለም፤ «አንገዋልሉ» ነው። በኦሮምኛ አፉን የፈታውም፣ ከሌላ አገር የመጣውም ተማሪ ቀድሞ የሚማረው ቃል እሱ ሆኗል። ያንቺ መሆኑን ግን ከዶክተሯና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ደምሽን ለጥናቱ እንድትሰጪ የጠየቅኩሽ እኔ አልነበርኩም። የራስን እናት መጠየቅ አይገባም ተብሎ ባልደረባዬ ነው ቁጭ ብሎ ያስረዳሽ። ለአንቺ ሕክምና የሚጨምረው ነገር እንደሌለ ሁለት ጊዜ ነገረሽ። «ለሌላ ሰው ልጅ ይሆን እንደሆነ» ብለሽ ጣትሽን ቀለም ነክረሽ ፈረምሽ። ሦስት ጊዜ ነበር የሚቀዳው፤ ሕክምናው ሲጀመር፣ አጋማሹ ላይና ሲያበቃ። ሦስቱ ጎን ለጎን ካልታዩ ጥናቱ ስለ አንቺ ሊናገር የሚችለው ነገር የለም። ሁለቱን ነቀምቴ ሳለሽ ሰጠሽ። ሦስተኛው ሳይደርስ ሕክምናው አልሆን አለና «ወደ ቤቴ መልሱኝ» አልሽ።

መልሶ የወሰደሽ ገመቹ ነው። ወደ ሐኪም ቤት ያመላለሰሽም እሱ ነው። ጎረቤታችን ገመቹ፣ ባለ ሚኒባሱ፣ ከእናቱ ቀጥሎ «አዴ» ብሎ የሚጠራው አንቺን ብቻ። ከፊት ያለውን መቀመጫ ወደ ኋላ አስተኝቶ በትራስ ይደግፍልሽ ነበር። ጎርበጥባጣው ቦታ ሲደርስ ተሳፋሪው ቢያጉረመርም ባያጉረመርም እንደ እግረኛ ነበር የሚያዘግመው። አንዱ ቸኩያለሁ ብሎ ሲጮኽበት መኪናውን አቁሞ «ውረድና ሩጥ» እንዳለው ነግረሽን ስንት ቀን ሳቅን።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ፈቃድ ወስጄ አንቺ ጋ ነበርኩ። ሦስተኛውን ደም ራሴ ቀዳሁት። ክንድሽ ላይ ደም ሥር ፍለጋ ሦስት ቦታ ወግቼሽ አንዴም እህ አላልሽም። ከጤና ኬላው የክትባት ሳጥን ተውሼ በበረዶ መሀል አስቀመጥኩት። ገመቹ ነቀምቴ መናኸሪያ ያደርሰዋል፣ ባልደረባዬ ይቀበለዋል፤ ነገሩ ያለቀ ነበር። እኔ ግን ነገር ማሳመር የምወድ ሰው ነኝና ክዳኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ መጻፍ አማረኝ።

መጀመሪያ «ደም» ብዬ ልጽፍ ነበር። ከዚያ መናኸሪያው ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ተራ አስከባሪ ትዝ አሉኝ። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ፣ የቆጠሩት ግን የድሮውን ፊደል ነው። ሳጥኑ እሳቸው እጅ ቢገባ በቋንቋቸው ያንብቡት፣ አክብሮት ነው አልኩ። እኔ ደግሞ የሰፈራ ልጅ አይደለሁ? ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻዬ እናገራለሁ፣ በላቲን የሚጻፈውን ቁቤም አነባለሁ፤ እጄ የለመደው ግን የትምህርት ቤታችንን ፊደል ነው። ደም በኦሮምኛ ምላስን ወደ ላንቃ አጥፎ የሚነገር ቃል ነው፤ «ዺጋ»። ለዚያ ድምፅ የተለየ ፊደል እንዳለ እንኳ ያወቅኩት ኋላ ነው። እኔ የጻፍኩት «ዲጋ» ብዬ ነበር። በደማቁ፣ ሁለቴ እያደመቅኩ፣ ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ያለችውን ከተማ ስም ጻፍኩበት። በቁቤ ብጽፈው ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አይገኝም ነበር።

የዚያን ቀን የተበላሸ የጭነት መኪና መንገድ ዘግቶ ገመቹ ዘግይቶ ደረሰ። ባልደረባዬ ጠብቆ ጠብቆ፣ ስልኩም አልገባ ሲለው ተመልሶ ሄዷል። ከቁቤ በቀር የማያነበው ገመቹ ሳጥኑን ለሽማግሌው አደራ ሰጥቶ የመልስ ተሳፋሪውን ጫነ። ሽማግሌው ለምሳ ሲነሱ የተካቸው ሰው ክዳኑን አነበበ። ዲጋ የሚል ሳጥን ወደ ዲጋ ነው የሚሄደው፤ ምን ያድርግ? በዲጋ መኪና ጭኖ ላከው። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ዲጋ መናኸሪያ አንዲት ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተገኘ። በረዶው ቀልጦ ደሙ ተበላሽቷል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልደረሰን ደም ለእኛ ሥራ አይሆንም።

ስልኩ የተደወለልኝ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። ወደ ጓሮ ወጥቼ ሰማሁና ስመለስ ዓይንሽ በሩ ላይ ነበር። ሌላ ልቀዳ አስቤ ክንድሽን አየሁት፤ ጠቁሯል። የምለው ሳላዘጋጅ «ደረሰ፣ አንገዋለሉት፣ ተለየ» አልኩሽ። አንቺም «እንግዲህ ተያዘ በይኛ!» አልሽ፤ ሌባው እንደተያዘለት ሰው ፈገግ አልሽ። ለከድጃም፣ ለአባዬም፣ ሊጠይቅ ለመጣውም ሁሉ «ተያዘ እኮ» እያልሽ ትነግሪ ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፍሽ። አላህ ይዘንልሽ።

ለቅሶ ሊደርሰን የመጣው ባልደረባዬ ሳጥኑን ለጤና ኬላው ለመመለስ ይዞት መጣ። ጽሑፉን የመናኸሪያ ሰዎች የጻፉት መስሎት ነበር። ወሬው እዚያው ድንኳን ውስጥ ወጣ፤ ደሙ ዲጋ ሄዶ ተበላሽቶ ኖሯል። አባዬ «ማን ነበር የያዘው?» ብሎ ጠየቀ። ገመቹ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጥያቄ የጠየቀ የለም። እኔ ተነስቼ ወጣሁ፤ ሳጥኑ ወደ ተቀመጠበት ሄጄ ፕላስተሩን በጥፍሬ ፍቄ ፍቄ አነሳሁት፣ ጨምድጄም እሳት ውስጥ ጣልኩት። ተመልሼ ገብቼ ከሴቶቹ ጋር አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለአንቺ ነው፤ እሱ ውሸት አልነበረም።

አባዬ ገመቹን እጁን አልጨበጠውም። ገመቹ አንድም ቃል ሳይመልስ ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ፤ ውሃ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ገባ። ዓመቱን ሙሉ ደጃችንን አልረገጠም። ከማንም ሰው ዕቃም መቀበል ተወ። የስኳር መድኃኒቷን በእሱ የምታስመጣው ጎረቤታችን አሮጊት አሁን ራሷ ነቀምቴ ድረስ ትንገላታለች። ሰው «ኮራ» ይለዋል። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ እምዬ። በየእረፍቱ መጥቼ፣ እሱ በመንገድ ዳር ሲያልፍ አይቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ተመልሻለሁ። ፈሪ ልጅ ነው የወለድሽው።

ባለፈው ወር ዶክተሯ የጥናቱን ዘገባ እንድጽፍ ሰጠችኝ። ቺፑ አንቺ ከምታውቂው ተለውጧል። ቦዩን አስፍተን ጠመዝማዛውን ጨምረንበታል፤ እንደ ድሮው አይደፈንም፣ ትንሽ ደምም ይበቃዋል። ስለዚህ ሁሉ በደስታ ጽፌ የጎደሉት ናሙናዎች ላይ ደረስኩ። ሦስተኛው ናሙናሽ ለምን እንደሌለ ምክንያት መጻፍ ነበረብኝ። «በአጓጓዥ ስህተት ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩት። ዘገባ ስሙን አይጠራም፤ እኔ ግን «አጓጓዥ» የሚለውን ባነበብኩ ቁጥር የማየው ትራስሽን ሲያስተካክል ነው። የእጄን ስህተት በእሱ ላይ በወረቀት ላጸድቅበት ነበር። ሰረዝኩትና ቅዳሜን ጠብቄ ወደ ቤት መጣሁ።

ገመቹ ግቢው ውስጥ መኪናውን ያጥባል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ የጻፍኩትን ቃል፣ ፕላስተሩን መፋቄን፣ ዝም ማለቴን። የሚያጥብበትን ጨርቅ መኪናው ላይ አኖረ። ከዚያ የነገረኝን እስክሞት አልረሳውም። ሳጥኑን ለሽማግሌው ሲሰጥ «ዺጋ ዻ» ብሎ ነበር ያስረከባቸው፤ ደም ነው ማለቱ ነው። «በዚያ ሁሉ ጫጫታ ዲጋ ብለው ሰምተውኝ ይሆናል፣ የአዴ ዘይነባን ደም ያበላሸው የእኔ አፍ ነው» እያለ ዓመት ሙሉ ራሱን ሲከስ ኖሯል። አባዬ ፊት አንድ ቃል ያልተናገረው ለዚህ ነው። እኔ ከተጠያቂነት ሸሽቼ ዝም ስል፣ እሱ ደግሞ ያላጠፋውን ጥፋት አምኖ ዝም ብሏል።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ አንቺ ማወቅሽን። አላወቅሽም አልኩት፣ የዋሸሁሽንም ነገርኩት። «ጋሪ ጎቴ» አለ፤ ደግ አደረግሽ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ጨመቀና «ገሊ» አለኝ፤ ወደ ቤትሽ ግቢ። ገባሁ።

ለአባዬም ያንኑ ከሰዓት ነገርኩት። ፊቱን አዞረ። ስደውል ሰላምታዬን ይመልሳል፤ ከዚያ ያለፈ ግን ካነጋገረኝ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። የቀረውን የሰማሁት ከከድጃ በስልክ ነው። ሰኞ ጠዋት ያን አልይዝም ያለውን ምርኩዝ ይዞ ወጥቶ መንገድ ዳር ቆመ። የገመቹ መኪና መጣ፣ ጥሩንባ ነፋለት፣ አለፈ። ማክሰኞም ቆመ፤ አለፈው። ረቡዕም አለፈው። ሐሙስ ቆመለት። አባዬ ከፊት፣ አንቺ ትተኚበት ከነበረው መቀመጫ ላይ ወጣ። ነቀምቴ ድረስ ሄደው አብረው ተመለሱ። በመንገድ ላይ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም። አባዬ ነቀምቴ ደርሶ እኔ ጋ ሳይመጣ ነው የተመለሰው። ከመናኸሪያው እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ቅርብ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ዘገባው አሁን «ናሙናው የተበላሸው በአጥኚዋ የአጻጻፍ ስህተት ነው» ይላል። ዶክተሯ አንብባ ቀና ብላ አየችኝና እንዳለ ተወችው። ሁለቱ ናሙናዎችሽ ብቻቸውን ስለማይበቁ ከጥናቱ ወጥተዋል። አንቺ በጥናቱ ውስጥ የለሽም እምዬ። አልተያዘም።

ይህንን በሕይወት ሳለሽ ብነግርሽ ኖሮ ምን ትዪኝ እንደነበር ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ዛሬ ከዚያ አልጋ ላይ ሆነሽ ያንኑ በዓይንሽ ብትጠይቂኝ፣ ተመልሼ የምዋሽሽ ይመስለኛል። ስለ ውሸቱ ራሴን ስጠይቅ ጸጸት አላገኝበትም። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ አንቺ የማታውቂው፣ ደግሞም ብታውቂው በጥፊ የምትይኝ ነው።

ልረሳሽ አልችልም፤ ይህንን ቃል መግባት ራሱ ቀልድ ነው። የምገባልሽ ቃል ሌላ ነው። ሰው ሁሉ «እናትሽ ደስ ብሏት ነው የሞተችው» እያለ ያጽናናኛል፤ እውነትም ነው። ደስታሽን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ የከፈለልሽ ግን ገመቹ ነው። እስካለሁ ድረስ ሁለታችሁን ለያይቼ አላስታውስም።

ልጅሽ